ለሬንጅፋይንደር ካሜራ 21፣ 28 ወይስ 35? ሌንሱን ከመግዛታችሁ በፊት መስኮቱን እዩ

የፊልም ካሜራ ነገር ተመልሶ መጥቷል። ሌይካ በ1984 ያወጣውን ኤም6 የሚባል ሬንጅፋይንደር በ2022 እንደገና ማምረት ጀመረ (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፣ ከዛ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ከሽቶና ከስልክ እኩል አሮጌ ካሜራ ይታዘዛል፣ ድሬም ሐረርም ትንሽ የብረት ካሜራ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው የሚዞሩ ልጆች አሉ። ጥያቄያቸው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፣ 28 ልግዛ ወይስ 35፣ 21ስ እንዴት ነው (ሌንሱ ላይ የሚጻፈው የሚሊሜትር ቁጥር ነው)። የሚመልስላቸው ሰው ደሞ ስለ ብራንድ፣ ስለ ጥራትና ስለ ኤፍ ቁጥር አውርቶ ይሄዳል። ሬንጅፋይንደር ላይ ግን ከነዚ ሁሉ የሚቀድሙ ሁለት ነገሮች አሉ፦ የምታዩበት መስኮትና የምትቆሙበት ርቀት። እነሱን ካወቃችሁ ምርጫው በጣም ይጠባል።

ሬንጅፋይንደር ከሌላው ካሜራ በምን ይለያል?

ስልክ ላይ የምታዩት ሌንሱ ያየውን ነው። ዲኤስኤልአር የሚባሉት ትላልቅ ካሜራዎችም ውስጣቸው መስታወት ስላለ የሌንሱን ምስል ወደ አይናችሁ ያመጡታል። ሬንጅፋይንደር ይሄ የለውም። ሌንሱ በር ነው ካልን እናንተ የምታዩት ከበሩ ጎን ባለች መስኮት ነው፣ ሁለቱም ወደ አንድ ግቢ ያሳያሉ ግን በሩን ስላሰፋችሁት መስኮቷ አትሰፋም። 21 ግጠሙ 90 ግጠሙ፣ በመስኮቷ የሚታየው ያው ነው። የሚቀየረው ውስጧ የሚበራው ነጭ መስመር ብቻ ነው፣ እሱ መስመር ፎቶው እስከየት እንደሚይዝ ይነግራችኋል።

ፎከሱ ደሞ እንዲህ ነው። መስኮቷ መሃል ላይ ነጣ ያለች ትንሽ አራት ማዕዘን አለች፣ እዛች ውስጥ ካሜራው ፊት ላይ ባለው ሁለተኛ ትንሽ መስኮት የገባው ምስል ተደርቦ ይታያል፣ ስለዚ ፊት ለፊታችሁ የቆመው ሰው ሁለት አፍንጫ ያወጣል። የሌንሱን ቀለበት ስታዞሩ ሁለቱ አፍንጫዎች ይቀራረቡና ይገጥማሉ፣ ሲገጥሙ ፎከስ ሆነ ማለት ነው። ውስጡ ያለው ነገር ሜካኒክ ብቻ ነው፣ የሌንሱ ኋላ ላይ ያለ የብረት ጠርዝ ካሜራው ውስጥ ያለች ትንሽ ሮለር ይገፋል፣ ሮለሯ ያቺን ሁለተኛ ምስል ታንቀሳቅሳለች። ባትሪ የለ ሞተር የለ።

ከዚ የሚመጡ ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ በመስኮቷ ስታዩ ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ነው የሚታየው፣ ከኋላ ያለው ይደብዝዝ አይደብዝዝ አታዩም፣ በጭንቅላት ነው የምታሰሉት። ሁለተኛ፣ የሌንሱ ክዳን ሳይነሳ ፊልም መጨረስ ይቻላል፣ መስኮቷ ምንም አትነግራችሁም (ከፊልም አንሺዎች መሃል ይሄ ያልደረሰበት ካለ ገና አልጀመረም ማለት ነው)። ሶስተኛው ለዋይድ ሌንስ ትልቁ ጥቅም ነው፦ መስታወት ስለሌለ ሌንሱ ከኋላው ወደ ፊልሙ በጣም ተጠግቶ መቀመጥ ይችላል። ዲኤስኤልአር ላይ ዋይድ ሌንስ የሚሰራ ሰው ለመስታወቱ መገለባበጫ ቦታ መተው አለበት፣ ለዛ ሲል ሌንሱ ይተልቃል ይከብዳል። ሬንጅፋይንደር ላይ ይሄ ጣጣ ስለሌለ 28 ሌንስ እጅ ውስጥ የምትጠፋ ቁራጭ ሆና ቀጥ ያለ ግድግዳን ቀጥ አድርጋ ትይዛለች። ሰው ሬንጅፋይንደርን ለዋይድ የሚወደው በዚ ነው።

ቃላቶቹን ላጥራ። ፕራይም ማለት ዙም የማያደርግ ሌንስ ነው፣ ለመቅረብ በእግር ትሄዳላችሁ። ዋይድ ማለት ከ50 ሰፋ አድርጎ የሚያይ ነው፣ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ስፋቱ ይጨምራል። ኤፍ ቁጥር የሌንሱ ቀዳዳ ነው፣ ኤፍ 2 ከኤፍ 2.8 ሁለት እጥፍ ብርሃን ያስገባል፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል ዋጋውም አብሮ ይወጣል።

28 እና 35 ያን ያህል ይለያያሉ እንዴ?

ይሄን በስሜት ከማውራት ማስላት ይሻላል፣ ሂሳቡ ደሞ የሱቅ ሂሳብ ነው። የ35 ሚሊሜትር ፊልም አንዷ ፎቶ 36 ሚሊሜትር ስፋት አላት። ከእናንተ እስከምታነሱት ነገር ያለውን ርቀት በ36 አባዙና ለሌንሱ ቁጥር አካፍሉት፣ የሚወጣው ፎቶው ውስጥ የሚገባው ስፋት ነው።

ሐረር ጀጎል ግቡ እንበል። 368 ጠባብ መንገድ አለው የሚባልለት ከተማ ነው፣ ግንቡ ውስጥ ያለው መንገድ ብዙው ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከሄደበት ሶስተኛው ትከሻውን ማዞር ያለበት ነው። መኪና ግርግር ላይ ልብስ ሰፊዎቹ ሲንጀራቸውን በር ላይ አውጥተው ተቀምጠዋል፣ እናንተ ጀርባችሁን ማዶ ካለው ግድግዳ አስደግፋችሁ ከሰፊው ሁለት ሜትር ርቃችኋል፣ ከዛ በላይ ማፈግፈግ የለም ግድግዳ ነው። በ50 የሚገባው 1 ሜትር ከ44 ነው፣ ሰውየውና ማሽኑ በቃ። በ35 ሁለት ሜትር ከምናምን፣ የተሰቀለው ጨርቅ ይገባል። በ28 ሁለት ሜትር ተኩል ያልፋል፣ በሩ ሙሉውን ገብቶ ደፉ ላይ ቁጭ ብሎ ቁምጣው እስኪጠብለት የሚጠብቀው ልጅም ይገባል። በ21 ደሞ 3 ሜትር ከ40 ይደርሳል፣ ጎረቤት ያለው ሰፊ ግማሽ ሰውነቱ፣ የሚያልፍ ሰው እግርና አስፋልት ላይ የወደቀ ቁርጥራጭ ጨርቅ ሁሉ ይገባል፣ የመጣችሁበት ሰውዬ ግን መሃል ላይ አንሶ ይቀራል።

እዚ ጋ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ከ35 ወደ 28 በ7 ቀነሰ፣ ከ28 ወደ 21ም በ7 ቀነሰ፣ ስለዚ እኩል እርምጃ ይመስላል። አይደለም። የመጀመሪያው ስፋቱን በሩብ ነው የሚጨምረው፣ ሁለተኛው በሲሶ። ከ21 ወደ 15 ከወረዳችሁማ በ40 በመቶ ነው። ወደታች በወረዳችሁ ቁጥር እያንዳንዷ ሚሊሜትር ከበፊቷ ትበልጣለች፣ ስለዚ 24 ወይም 25 የሚባሉት መሃል ላይ የገቡት ቁጥሮች ለቁጥር ያህል የተሰሩ አይደሉም።

አሁን ወደ ድሬ ውረዱ። ከዚራ በ1902 አካባቢ ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረ ሰፈር ነው፣ መንገዱ ሰፊ፣ ዛፉ ግራና ቀኝ፣ ወደኋላ ማፈግፈግ ከፈለጋችሁ ባጃጅ ካልገጫችሁ በቀር የሚያግዳችሁ የለም። ለገሀር ፊት ለፊት ቆማችሁ በ21 ካነሳችሁ ግማሹ ፎቶ አስፋልት ግማሹ ሰማይ ነው፣ ህንጻው መሃል ላይ እንደ ቴምብር ተለጥፎ ይቀራል። እዛ 35 ከበቂ በላይ ነው። ስለዚ "የትኛው ዋይድ ይሻላል" የሚለው ጥያቄ ውስጥ "የት ሆኜ" የሚል ከሌለበት መልስ የለውም።

የእኔ ካሜራ የትኛውን ሌንስ ያሳያል?

ገንዘብ የሚባክነው እዚ ላይ ነው። መስኮቷ ውስጥ ያሉት መስመሮች በካሜራው ይለያያሉ። የ1954ቱ ሌይካ ኤም3 መስኮቱ እንደ እሱ የሚያምር የለም ይላሉ፣ ግን ያለው 50፣ 90 እና 135 ነው፣ ለዋይድ ምንም መስመር የለውም። ለዛ ነው ለኤም3 ተብለው የተሰሩት የድሮ 35 ሌንሶች ፊታቸው ላይ መነጽር የተገጠመላቸው፣ እሱ መነጽር መስኮቱን ያሰፋዋል። ኤም2 መጣና 35ን ጨመረ። 28 ሌይካ ውስጥ የገባው በ1980ዎቹ መጀመሪያ በወጣው ኤም4-ፒ ነው፣ ኤም6 ያንኑ ይዞ ቀጠለ። ጃፓኖቹ ጋ ስትሄዱ ሚኖልታ ሲኤልኢ 28፣ 40 እና 90 አለው፣ ኮሲና የሚባለው ፋብሪካ የሰራው ዛይስ አይኮን 28 አለው፣ እዛው ፋብሪካ የተሰራው ቤሳ አር4 ደሞ ለዋይድ ተብሎ ነው የተሰራው፣ ከ21 ጀምሮ 25፣ 28፣ 35 እና 50 መስመር አለው።

ከደርግ ጊዜ ወዲህ ሰው ቁምሳጥን ውስጥ ተረስቶ የሚገኘው የሶቪየት ዞርኪ ወይም ፌድ ከሆነ ያላችሁ፣ መስኮቱ ወደ 50 ገደማ ነው የሚያሳየው፣ የዋይድ መስመር የለውም። ካኖኔት ወይም ያሺካ ኤሌክትሮ ከሆነ ደሞ አትድከሙ፣ ሌንሳቸው አይወጣም፣ 40 እና 45 ናቸው፣ እዛው ላይ ተደሰቱ።

መስመሩ አለ ማለት ደሞ ይታያል ማለት አይደለም። ኤም6 በብዛት የሚገኘው 0.72 የሚባለው መስኮት ነው፣ ማለትም ነገሩን ከእውነተኛው መጠን 72 በመቶ አድርጎ ያሳያል። እዛ ላይ የ28 መስመር መስኮቱ ጠርዝ ላይ ነው ያለው፣ አይናችሁን በጣም ካልለጠፋችሁ አራቱንም ጠርዝ አንድ ላይ አታዩም። መነጽር ለምታደርጉ ሰዎች ይሄ ከባድ ነው፣ አይናችሁን ግራ ቀኝ እያንከራተታችሁ ትፈልጉታላችሁ። 0.58 የሚባለው መስኮት ይሄን ያቀልለታል፣ ቤሳ አር4 ደሞ 0.52 ነው። መነጽር ካላችሁና ካሜራችሁ 0.72 ከሆነ እኔ ብሆን 35 ነው የምለው፣ ሂሳቡ ምንም ቢል። የማታዩትን ስፋት መግዛት ምን ይጠቅማል?

መስመር ለሌለው ሌንስ መፍትሄው ፍላሽ የሚሰካበት ቦታ ላይ የሚቀመጥ ለብቻው የሚሸጥ ትንሽ መስኮት ነው፣ የውጭ ቪውፋይንደር ይሉታል። ብሩህ ነው፣ ማየቱ ራሱ ያስደስታል፣ ግን ስራው ሁለት ይሆናል፣ በዋናው መስኮት ፎከስ ታደርጋላችሁ ከዛ አይናችሁን ወደላይ አንስታችሁ በሁለተኛው ትቀርጻላችሁ። እስከዛ ልጁ ሮጦ አልፏል። ከሌንሱም ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ አንድ ሜትር አካባቢ ያለ ነገር ስታነሱ ያያችሁትና የወጣው አይገጥምም፣ ከላይ የተቆረጠ ጭንቅላት ይመጣል። ዋጋውንም አትርሱ፣ 21 ሌንስ ስትሉ 21 ሌንስና መስኮቱ ማለታችሁ ነው።

አንድ ትንሽ ነገር፣ የድሮ ባለ ጥርስ ሌንሶች (በብሎን የሚገቡት) በአዳፕተር ሌይካ ኤም ላይ ይገጠማሉ፣ አዳፕተሩ ግን አንድ አይነት አይደለም። ለ28 የተሰራ አለ፣ ለ35 የተሰራ አለ፣ ለ50 የተሰራ አለ፣ የሚገባው መስመር እንዲበራ የሚያደርገው እሱ ነው። ተሳስታችሁ ከገዛችሁ ሌንሱ 28 ሆኖ መስኮቱ ውስጥ የ50 መስመር ይበራል።

ሰው እየተንቀሳቀሰ ፎከስ እንዴት ይደረጋል?

አብዛኛውን ጊዜ አይደረግም፣ ቀድሞ ይደረጋል እንጂ። ዋይድ ሌንስ ቀዳዳው ጠበብ ሲል ከቅርብ እስከ ሩቅ ብዙ ነገር አብሮ ይጠራል። 28ን ኤፍ 8 ላይ አድርጋችሁ ቀለበቱን 3 ሜትር ከ30 አካባቢ ብታስቀምጡት ከ1 ሜትር ከ65 ጀምሮ እስከ ሩቅ ተራራ ድረስ ያለው ሁሉ ተቀባይነት ባለው ደረጃ ጥርት ይላል። በ21 ወደ 1 ሜትር ከ90 ብታደርጉት ከ95 ሳንቲሜትር አካባቢ ጀምሮ። በ35 ግን 5 ሜትር ላይ ማድረግ አለባችሁ፣ የሚጠራው ከ2 ሜትር ከ60 ወዲያ ነው። ሌንሱ ላይ የተጻፉት ሁለት ረድፍ ቁጥሮች ለዚ ነው ያሉት፣ ጌጥ አይደሉም።

ጀጎል ውስጥ ሰው የሚያልፋችሁ በሁለት ሜትር ነው፣ ስለዚ 28ን እንደዛ አድርጎ ቀኑን ሙሉ ቀለበቱን አለመንካት ይቻላል፣ በ35 ግን ሁለት ሜትር ላይ ያለው ሰው ከጥርት መስመሩ ውጭ ስለሆነ በየሰዉ ማስተካከል ይመጣል ወይም ኤፍ 11 ላይ መውረድ ነው። የ28 ትልቁ ትርፍ ለኔ ይሄ ነው፣ ከስፋቱ በላይ።

ለዝርዝር ነገር ግን አትጠብቁት። የሬንጅፋይንደሩ ሜካኒክ አብዛኛውን ጊዜ 70 ሳንቲሜትር ላይ ያቆማል፣ የድሮዎቹ አንድ ሜትር ላይ። በ28 ሰባ ሳንቲሜትር ቀርባችሁ እንኳን 90 ሳንቲሜትር ስፋት ነው የሚገባው። የሐረሪ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ስፌት አንዱን ለይቶ፣ የስንደዶው ክር እስኪታይ ማንሳት ከፈለጋችሁ ይሄ ካሜራ አይደለም፣ ስልካችሁን አውጡ፣ ይሻላል።

ኤፍ 1.4 ልግዛ ወይስ ኤፍ 2.8 ይበቃኛል?

ድሬዳዋ እኩለ ቀን ላይ የፀሐዩን ነገር ታውቁታላችሁ። ያለ መለኪያ ብርሃን የሚገመትበት የቆየ ህግ አለ፣ ጥርት ያለ ፀሐይ ላይ ኤፍ 16 አድርጉና ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሰከንድ ክፍልፋይ) ከፊልሙ አይኤስኦ (ፊልሙ ለብርሃን ያለው ስሜት) ጋር አስተካክሉ ይላል። 400 ፊልም ከሆነ ኤፍ 16 ላይ ወደ 1/500 ነው። የኤም6 ከፍተኛ ሹተር 1/1000 ነው፣ ስለዚ መክፈት የምትችሉት እስከ ኤፍ 11 ብቻ ነው። በ100 ፊልም እንኳን እስከ ኤፍ 5.6። በቃ። ኤፍ 1.4 ብላችሁ የከፈላችሁበት ቀዳዳ ጥቁር ፊልተር ካልጫናችሁበት በቀር ቀን ቀን ተዘግቶ ነው የሚውለው።

ቀዳዳው የሚያስፈልገው ቤት ውስጥና ማታ ነው። የሐረሪ ቤት ስትገቡ ብርሃኑ ዋናው በበሩ ነው የሚመጣው፣ ነደባው (የመቀመጫ መደቡ) ላይ የተቀመጠው ሰው ግማሽ ፊቱ ብርሃን ግማሹ ጥላ ነው፣ ከኋላው ያለው ቀይ መደብ ደሞ ጨለማ ውስጥ ይገባል። እዛ ኤፍ 2 እና ኤፍ 2.8 ይለያያሉ። ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ ሲበላም እንደዛው፣ ያለው ብርሃን የመኪና መብራት ነው። ሆኖም ሬንጅፋይንደር የሚገለባበጥ መስታወት ስለሌለው አይነዝርም፣ ዋይድ ሌንስ ደሞ የእጅ መንቀጥቀጥን ብዙ አያሳብቅም፣ ትንፋሽ ውጦ 1/15 ላይ ማንሳት የሚችል ሰው አለ፣ የተቀመጠው ሰው ካልተንቀሳቀሰ።

ቀዳዳው የሰፋ ሌንስ ሌላም እዳ አለው፣ ይተልቃል፣ ሲተልቅ ደሞ መስኮቷ ውስጥ ይገባል። በመስኮቷ ስታዩ ከታች በስተቀኝ ጥግ ላይ የሌንሱ አናት ይጋርዳችኋል፣ ሁድ (ሌንሱ ፊት ላይ የሚገጠም የብርሃን መከለያ) ከጫናችሁበት ይብስበታል። 28 ላይ መስመሩ ጠርዝ ድረስ ስለሚሄድ የሚጋረደው ፎቶው ራሱ ነው። ለዚ ነው ትንንሾቹ ኤፍ 2.8 ሌንሶች ለሬንጅፋይንደር ይመቻሉ የሚባለው፣ ሰው ከድህነት ብቻ አይደለም የሚገዛቸው።

ሰው ጠርዝ ላይ ሲቆም ለምን ይሰፋል?

ሰርግ ላይ ዳር የቆሙት አክስት ከሙሽራዋ ሁለት እጥፍ ሆነው ሲወጡ ሌንሱ ነው የሚሰደበው። ሌንሱ ግን ስራውን ነው የሰራው። ቀጥ ያለ መስመርን ቀጥ አድርጎ ለመያዝ የተሰራ ዋይድ ሌንስ ጠርዝ ላይ ያለውን ነገር ወደ ውጭ መለጠጥ ግዴታው ነው፣ ሁለቱ አብረው ነው የሚመጡት። በ35 ብዙ አይታይም፣ በ28 ጠርዝ ላይ የገባ ፊት ይታወቃል፣ በ21 ጭንቅላት እንቁላል ይሆናል። መፍትሄው ዳር ላይ ግድግዳና ዛፍ ማድረግ፣ ሰውን ወደ መሃል ማስገባት ነው፣ አክስትንም ጭምር።

ሌላው ወደላይ ሲዘነብል ነው። የመስጊድ ሚናሬት በ21 ቀና ብላችሁ ስታነሱት ወደኋላ ሊወድቅ የደረሰ ይመስላል። ካሜራውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት፣ ካልገባ ወደ ቁም አዙሩት። በቁም ስትይዙት ያ የቅድሙ ሂሳብ ለቁመት ይሆናል፣ ሁለት ሜትር ላይ በ28 ሁለት ሜትር ተኩል ቁመት። ለጠባብ መንገድ ቁም የበለጠ ይመቸዋል፣ ግንቡ ግራና ቀኝ ወደላይ ስለሚሄድ።

በነገራችን ላይ ዋይድ ማለት መቅረብ ማለት ስለሆነ ተደብቆ ማንሳት አይቻልም። በ28 ፊት እንዲታይ ካስፈለገ አንድ ሜትር ተኩል ላይ ናችሁ፣ ጊድር መጋላ ገበያ ላይ በርበሬ ዘርግተው የተቀመጡ እናት "እማማ፣ አንድ ፎቶ ላንሳዎት?" ሳይባሉ ካሜራ ከደቀናችሁባቸው የሚመጣው ምላሽ የእናንተው ነው። አንዳንዴ እምቢ ይላሉ፣ ይሁን። እሺ ካሉ ደሞ ሻርፓቸውን እስኪያስተካክሉ ጠብቁ።

ከየትኞቹ ሌንሶች ነው የሚመረጠው?

ሌይካ የራሱን ይሰራል፣ 28 ኤልማሪት ኤፍ 2.8 ትንሽ ናት፣ 28 ሱሚክሮን ኤፍ 2 ከእሷ ይተልቃል፣ 35 ሱሚክሮን የታወቀው ነው፣ ዋጋቸው አቦ አይወራም። ዛይስ ዜድኤም የሚባሉት ባዮጎን ሌንሶች ጃፓን ኮሲና ጋ ነው የተሰሩት፣ 21፣ 25፣ 28፣ 35 አላቸው፣ መስመርን ቀጥ አድርጎ በመያዝ ይታወቃሉ። እዛው ኮሲና ቮይክትሌንደር በሚል ስም ረከስ ያሉትን ይሰራል፣ 21 ከለር ስኮፓር፣ 28 ኡልትሮን፣ 35 ኖክተን፣ እነዚ ለብዙ ሰው ሚዛን የሚደፉት ናቸው። ቻይናዎቹ ቲቲአርቲዛንና ሰቨን አርቲዛንስ ከሁሉም ይረክሳሉ። ቲቲአርቲዛን ያወጣት 28 ኤፍ 5.6 የሌይካን የ1955 ሱማሮን ተከትላ የተሰራች ናት፣ ቀዳዳዋ ጠባብ ስለሆነ ትስቁባት ይሆናል፣ ግን ቅድም ያሰላነውን አስታውሱ፣ የድሬ ቀን ላይ ከዛ በላይ ቀዳዳ የት ትጠቀሙበታላችሁ?

ዞርኪና ፌድ ያላችሁ ጁፒተር-12 ፈልጉ፣ 35 ኤፍ 2.8 ነው፣ ከጦርነቱ በፊት ከነበረው የዛይስ ባዮጎን የመጣ ዲዛይን ነው። የኋላ መስታወቱ ግን በጣም ወጥቶ ወደ ካሜራው ውስጥ ስለሚገባ ሌላ ካሜራ ላይ ከመግጠማችሁ በፊት እንደማይነካ አረጋግጡ፣ ሲያስቀምጡትም ፊቱን ወደታች ነው እንጂ በኋላው አይደለም።

ዲጂታል ላይ የምትገጥሙ ከሆነ አንድ ነገር እወቁ። ያ ከፊልሙ የሚጠጋው የኋላ መስታወት ብርሃኑን ወደ ጠርዝ በጣም አጋድሞ ነው የሚልከው። ፊልም ደንታው አይደለም፣ ሴንሰር (ዲጂታል ካሜራ ላይ በፊልሙ ቦታ ያለው) ግን ይቸገራል፣ ጠርዙ ይጨልማል፣ ቀላ ያለ ወይም አረንጓዴ ቀለም ይመጣበታል። ሶኒ ሚረርለስ (የሚገለባበጥ መስታወት የሌለው ዲጂታል ካሜራ) ላይ በአዳፕተር ሲገጠሙ ሴንሰሩ ፊት ያለው መስታወት ወፍራም ስለሆነ ጠርዙ ይዘባረቃል። የቮይክትሌንደር 15 ሄሊያር ሶስተኛ ዲዛይን በ2015 የወጣው ለዚሁ ችግር ተብሎ ነው። ሌይካ ኤም8 ካላችሁ ደሞ ሴንሰሩ ትንሽ ስለሆነ ቁጥሩን በ1.33 አባዙት፣ 28 ወደ 37 ይሆናል፣ 28 እንዲያይላችሁ የምትፈልጉ 21 ነው የምትገዙት።

ታዲያ የትኛውን?

ጀጎል ውስጥ በብዛት የምታነሱ፣ ካሜራችሁ የ28 መስመር ያለው፣ መነጽር የማታደርጉ ከሆነ 28 ኤፍ 2.8፣ ቤት ውስጥና ማታ ከበዛባችሁ ኤፍ 2። ከዚራና ቀፊራ አካባቢ፣ ቤተሰብና ጓደኛ፣ ወይም መነጽር ካለ 35። 21 እንደ መጀመሪያ ሌንስ አይመከርም፣ ሁለተኛ ሲሆን ግን ከ35 ጋር በደንብ ይጋባል፣ 28ና 35ን አብሮ መያዝ ግን ብር መድገም ነው፣ ይቀራረባሉ። 15 ለሚገርም ፎቶ ጥሩ ነው፣ ለየቀኑ አይሆንም።

ያገለገለ ስገዛ ምን ልፈትሽ?

የስልክ መብራት አብርታችሁ በሌንሱ ውስጥ በአንድ በኩል አሳልፉ፣ ጭጋግ ወይም የሸረሪት ድር መሳይ ሻጋታ ካለ ይታያል። የቀዳዳውን ምላጮች እዩ፣ ዘይት ካለባቸው ሌንሱ ሙቀት ላይ ተቀምጦ የቅባቱ ዘይት ወርዶ ሊሆን ይችላል፣ ድሬ ላይ መኪና ውስጥ ሌንስ ትቶ መሄድ የሚያመጣው ነገር ነው። ከዛ ካሜራው ላይ ግጠሙትና ሐረር ከሆናችሁ ወደ ሀኪም ተራራ አነጣጥሩ፣ ቀለበቱን እስከ መጨረሻው ሩቅ ምልክት ድረስ አዙሩት፣ የተራራው ጫፍ ሁለት ሆኖ ከቀረ ወይ ሌንሱ ወይ ካሜራው መስተካከል አለበት። የቅርቡን ደሞ በሜትር ለኩ፣ በትክክል ሁለት ሜትር ላይ ያለ ነገር ሲገጥም ቀለበቱም ሁለት ማለት አለበት። ሩቁ ገጥሞ ቅርቡ በትንሹ ከሳተ፣ ኤፍ 8 ላይ ቀን ለምትሰሩ በ28 ፎቶው ላይ አይታይም፣ ዋጋ ለማስቀነስ ግን ይበቃል። ኤፍ 2 ከፍታችሁ ማታ የምትሰሩ ከሆነ አትግዙት።